ፕሮቴስታንቶቹና ሶሲዮሎጂ፦ ከአራቱ መንገዶች የትኛው ለእናንተ ይሻላል?

ሃይማኖት በሶሲዮሎጂ አጀማመር ላይ የነበረውን ድርሻ ማወቅ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው ምክር ያው ነው። «ጀርመናዊውን የሶሲዮሎጂ ምሁር ማክስ ዌበርን አንብብ» ይባላል። እኔም ካምፓስ ሳለሁ የተባልኩት ይህንኑ ነበር። የታደለን ሃንድአውት ሦስት ገጽ ሲሆን ካልቪን፣ ቁጠባ፣ ካፒታሊዝም የሚሉ ቃላት ተደርድረውበታል። ፈተናውን አለፍኩ፤ ነገሩ ግን ሳይገባኝ ቀረ። የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው። ለካ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን እንደ አንድ ይዤ ነበር የኖርኩት።

አንደኛው ጥያቄ «ፕሮቴስታንትነት ዘመናዊውን ኢኮኖሚ እንዴት ቀረጸው?» የሚል ነው። ይህ የዌበር ጥያቄ ነው። ሁለተኛው «የፕሮቴስታንት የተሐድሶ እንቅስቃሴዎች ሶሲዮሎጂን ራሱን እንዴት ቀረጹት?» የሚል ነው። በዚህኛው ውስጥ ዌበር ጠያቂ አይደለም፤ ራሱ አንዱ ማስረጃ ነው። ሁለቱን ሳይለዩ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጀምሩ ተማሪዎች መሃል መንገድ ላይ ሲቸገሩ አይቻለሁ። ይህ መመሪያ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆኑ አራት የጥናት መንገዶችን ያነጻጽራል፤ ስታነቡት መጀመሪያ የያዛችሁት የትኛውን ጥያቄ እንደሆነ ለዩ።

ተሐድሶ ስል አገር ቤት በዚህ ስም የሚታወቀውን የቤተ ክርስቲያን ክርክር ማለቴ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የፋብሪካ ከተሞች ድህነት ያስጨነቃቸውን የጀርመን፣ የአሜሪካና የእንግሊዝ ፕሮቴስታንቶች ማለቴ ነው። ስብከቱ ብቻውን አልበቃ ብሏቸው መጠይቅ ይዘው ወጡ፤ በር አንኳኩ፤ ካርታ ሳሉ። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የታወቀው መንገድ፦ የዌበር መጽሐፍ

ዌበር የፕሮቴስታንት ሥነ ምግባርን የሚመለከተውን ጽሑፉን በ1904 እና በ1905 በሁለት ክፍል በመጽሔት አወጣ። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ካልቪናዊው አማኝ፣ ማለትም የፕሮቴስታንት መሪው የጆን ካልቪን ተከታይ፣ ማን እንደሚድን እግዚአብሔር አስቀድሞ ወስኗል ብሎ ያምናል። እኔስ ከየትኞቹ ነኝ? የሚለው ያስጨንቀዋል። ስለዚህ ሥራውን እንደ መለኮታዊ ጥሪ ይዞ ይተጋል፤ ሲሳካለትም የመመረጡ ምልክት ያደርገዋል። ያገኘውን በድሎት አያጠፋም፤ መልሶ ሥራ ላይ ያውለዋል። በኋላ እምነቱ ሲሳሳ ትጋቱና ቁጠባው ብቻ ቀሩ፤ ዌበር ለዚህ ምሳሌ ያደረገው ቤንጃሚን ፍራንክሊንን ነው።

የዚህ መንገድ ጥቅሙ ግልጽ ነው። መጽሐፉ አጭር ነው፤ በእንግሊዝኛ በቀላሉ ይገኛል። አማካሪያችሁም ያውቀዋል። ችግሩ ከመቶ ዓመት በላይ የተረገጠ መንገድ መሆኑ ነው። የዌበር አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ የባደን ግዛት ተማሪዎች በሃይማኖት ሲከፋፈሉ 69፣ 31 እና 9 በመቶ ይላል። ደምሩት፤ 109 ይመጣል። 59 መሆን የነበረበት 69 ሆኖ ታትሞ ነው። በ2009 ደግሞ ሳሻ ቤከርና ሉድገር ቮስማን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች የፕሩሺያን (ያኔ የጀርመን ትልቋ ግዛት የነበረችውን) ወረዳዎች መርምረው ሌላ ማብራሪያ አቀረቡ። ሉተር ሁሉም ሰው መጽሐፍ ቅዱስን ራሱ እንዲያነብ ፈልጎ ነበር። ለማንበብ ትምህርት ቤት ያስፈልጋል። እንደ እነሱ አባባል ለፕሮቴስታንት ወረዳዎች ብልጽግና የበለጠው ምክንያት ይህ የማንበብ ችሎታ ነው።

ይህን መንገድ የምመክረው የመጀመሪያውን ጥያቄ ለያዘ ሰው ነው። ሁለተኛውን የያዘ ግን ዌበርን አሥራ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ቢያገኘው ይሻለዋል።

ብዙ ሰው የማይሄድበት መንገድ፦ የቄሶቹ መጠይቅ

እኔ በጣም የምወደው ይህንን ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በ1890 በርሊን ውስጥ የወንጌላውያን ማኅበራዊ ጉባኤ ተመሠረተ። ቄሶች፣ የሥነ መለኮት ምሁራንና የኢኮኖሚ ፕሮፌሰሮች በዓመት አንድ ጊዜ እየተገናኙ ስለ ሠራተኛው ጥያቄ የሚመክሩበት መድረክ ነበር። በዚያው ዓመት ፓውል ጎሬ የተባለ ወጣት የሥነ መለኮት ሰው ማንነቱን ደብቆ ኬምኒትስ ከተማ ፋብሪካ ገባ። ሦስት ወር እንደ ተራ ሠራተኛ ሠራ። በ1891 ያየውን በመጽሐፍ አወጣው። ዛሬ ተሳትፏዊ ምልከታ የምንለውን ዘዴ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው በራሱ ገላ ሞከረው ማለት ነው።

በዚያው ጊዜ የጀርመን የማኅበራዊ ፖሊሲ ማኅበር በእርሻ ላይ ስለሚቀጠሩ ሠራተኞች ጥናት እያካሄደ ነበር። ከኤልበ ወንዝ በስተ ምሥራቅ ያለውን ክፍል የጻፈው ወጣቱ ዌበር ነው፤ ሥራው በ1892 ታተመ። አንድ ትልቅ ጉድለት ግን ነበረበት። መጠይቁ የተላከው ለመሬት ባለቤቶች ነው። ስለ ሠራተኛው ኑሮ የተጠየቀው ጌታው ነበር።

እዚህ ላይ ዌበርና ጎሬ ተገናኙ። በጉባኤው ስም አዲስ መጠይቅ አዘጋጅተው ለ15,000 ያህል የፕሮቴስታንት ቄሶች ላኩ። ወደ 1,000 የሚጠጋ መልስ ተመለሰ። ቄስ ለምን ተመረጠ? የጌታውንም የሠራተኛውንም ቤት ደጃፍ የሚረግጠው እሱ ስለሆነ ነው። ልጁን ያጠምቃል፤ ሙታኑን ይቀብራል። ማን ለምን አገሩን ጥሎ እንደሄደ ያውቃል። እርግጥ ቄሱም ነጻ ሰው አልነበረም፤ በምሥራቁ ክፍል ብዙ ቦታ ደብሩን የሚደግፈው ያው ባለ መሬት ነው። ይህን ድክመት ጽሑፋችሁ ውስጥ ማንሳት ይኖርባችኋል። ቢሆንም «ማንን ብጠይቅ እውነቱን አገኛለሁ?» የሚለው የሶሲዮሎጂ ሁነኛ ጥያቄ እዚህ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መጠይቁ ስለ ደመወዝና ስለ እህል ብቻ አልጠየቀም። ሰዎቹ ኑሯቸውን እንዴት እንደሚያዩትም ጠይቋል። ዌበር በእነዚያ ዓመታት የደረሰበት ነገር ልብ ይነካል። ሠራተኞቹ ምሥራቁን እየጣሉ የሚሄዱት ለተሻለ ክፍያ ብቻ አልነበረም። ከጌታ እጅ መውጣት፣ ራሳቸውን የቻሉ ሰዎች መሆን ፈልገው ነው። ሰውን ከሆዱ ሌላ የሚያንቀሳቅሰው ነገር አለ የሚለው ሐሳብ በ1904 ከመታተሙ በፊት እዚህ ተዘርቶ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ቤተሰብ አለ። የዌበር እናት ሄለነ ከፈረንሳይ ከተሰደዱ ፕሮቴስታንቶች የሚወለዱ፣ በእምነታቸው የጸኑ፣ ለድሆች የሚቆረቆሩ ሴት ነበሩ። የአክስቱ ልጅ ኦቶ ባውምጋርተን የሥነ መለኮት ምሁር ነው። ወዳጁ ፍሪድሪሽ ናውማን ፓስተር ነበር። ዌበር ግን በ1909 በጻፈው ደብዳቤ ለሃይማኖት ዜማ ጆሮ እንደሌለው ስለ ራሱ ተናግሯል። ጭንቀቱን ከእናቱ ወረሰ፤ እምነታቸው ግን አልተላለፈለትም። ስለ እሱ ሳነብ ዘወትር የሚመጣብኝ ይህ ነው።

ታዲያ ይህ መንገድ ምን ይከብደዋል? ቋንቋው። ዋናዎቹ ሰነዶች በጀርመንኛ ናቸው፤ የተተረጎመው ጥቂት ነው። ጀርመንኛ ለሚያነብ፣ በተለይ በዚያው አገር ለሚማር የኛ ሰው፣ ከዚህ የተሻለ ርዕስ አላውቅም። ጀርመንኛ ከሌላችሁ እንደ አንድ ምዕራፍ ተጠቀሙበት እንጂ መላ ጽሑፋችሁን አትጣሉበት።

የቺካጎ መንገድ፦ መንበሩና ገንዘቡ

በእንግሊዝኛ ብቻ መሥራት ለሚፈልግ ሰው አሜሪካ ይቀላል። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በባፕቲስቶች ጥረት ነው። ጆን ሮክፌለር፣ እሱም ባፕቲስት ነው፣ ለመነሻ 600,000 ዶላር ሊሰጥ ቃል ገባ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዊልያም ሬይኒ ሃርፐር የብሉይ ኪዳን ምሁር ነበር። ሃርፐር በ1892 የሶሲዮሎጂ ክፍሉን እንዲያቋቁም የጠራው አልቢየን ስሞልን ነው። ስሞል የባፕቲስት ሰባኪ ልጅ ሲሆን ራሱም ነገረ መለኮት ተምሯል። በ1895 የአሜሪካ የሶሲዮሎጂ መጽሔትን ጀመረ። የመጀመሪያዎቹን ጥራዞች ብትገልጡ ሼይለር ማቲውስ ስለ «ክርስቲያናዊ ሶሲዮሎጂ» በተከታታይ የጻፈውን ታገኛላችሁ። ባልደረባቸው ቻርልስ ሄንደርሰን ፕሮፌሰርም የዩኒቨርሲቲው ቄስም ነበር።

በ1905 የተቋቋመውን የአሜሪካ የሶሲዮሎጂ ማኅበር የመጀመሪያዎቹን ስድስት ፕሬዚዳንቶች ብናይ ነገሩ የበለጠ ይጎላል። ሳምነር የተሾመ የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበር። ጊዲንግስ የፓስተር ልጅ፣ ስሞል የፓስተር ልጅ፣ ቪንሰንት የሜቶዲስት ጳጳስ ልጅ ነው። ከዚህ መስመር የሚወጡት ዋርድና ሮስ ብቻ ናቸው።

ግን ተጠንቀቁ። የቄስ ልጅ መሆን ብቻውን ማስረጃ አይደለም። በዚያ ዘመን ዩኒቨርሲቲ ከገባ አሜሪካዊ መካከል የቄስ ልጅ ማግኘት ብርቅ አልነበረም። በዚህ መንገድ ከሄዳችሁ ማሳየት ያለባችሁ እምነቱ በምርምሩ ላይ ምን እንደለወጠ ነው። የትኛው ጥያቄ በቤተ ክርስቲያን በኩል ገባ? የትኛው ኮርስ በእሱ ምክንያት ተከፈተ? ይህን ካላሳያችሁ የምትጽፉት የዘር ሐረግ ይሆናል። ሳምነርን ደግሞ ልብ በሉ። ቄስ የነበረው ይኸው ሰው የተሐድሶ ሰዎችን አጥብቆ ከሚቃወሙት አንዱ ነበር። መንግሥትም በጎ አድራጊም ድሃውን ለራሱ ይተወው ባይ ነው። ከአንድ ዓይነት መድረክ ወርደው በተቃራኒ አቅጣጫ የሄዱ አሉ ማለት ነው።

በር የሚያንኳኩት መንገድ፦ ቺካጎ፣ ዮርክ፣ ፊላዴልፊያ

አራተኛው መንገድ ቁጥርና ካርታ ለሚወዱ ነው። የሚጀምረው ከዩኒቨርሲቲ ውጭ ነው። በ1884 የአንግሊካን ቄሱ ሳሙኤል ባርኔት በምሥራቅ ለንደን ቶይንቢ ሆል የተባለውን ቤት መሠረቱ። የተማሩ ወጣቶች በድሆች ሰፈር ገብተው እንዲኖሩ ነው። አሜሪካዊቷ ጄን አዳምስ ይህን አይታ በ1889 ቺካጎ ውስጥ ሃል ሃውስን ከፈተች። ቤቱ የስብከት ቦታ አልነበረም፤ እሷ ግን ከክርስቲያናዊ ግዴታዋ ለይታ አላየችውም። በ1895 የሃል ሃውስ ነዋሪዎች የሰፈሩን ካርታዎች አሳተሙ። አንዱ ካርታ እያንዳንዱ ቤት ውስጥ የሚኖሩት ከየት አገር እንደመጡ፣ ሌላው ሳምንታዊ ገቢያቸውን በቀለም ያሳያል። የቺካጎ ሶሲዮሎጂ በ1920ዎቹ በከተማ ካርታዎቹ ሲከበር የእነዚህ ሴቶች ስም ብዙም አልተነሣም። ይህ ቅር ያሰኘኛል፤ ጥሩ የጽሑፍ ርዕስም ይወጣዋል።

እንግሊዝ አገር ሲቦም ራውንትሪ አለ። የኩዌከር (አንድ የፕሮቴስታንት ወገን ነው) ቤተሰብ ልጅ ነው፤ አባቱ በዮርክ ከተማ የታወቀ የቸኮሌት ፋብሪካ ነበራቸው። በ1899 የከተማዋን ሠራተኛ ቤተሰቦች አስቆጠረ። 11,560 ቤተሰብ፣ 46,754 ሰው። ውጤቱን በ1901 ሲያወጣ ከከተማዋ ነዋሪ 27.84 በመቶው ድሃ ነው አለ። እንዴት ለካው? ሁለት አዋቂና ሦስት ልጆች ያሉት ቤት በሕይወት ለመቆየት ብቻ በሳምንት 21 ሺሊንግ ከ8 ፔንስ ያስፈልገዋል ብሎ አሰላ። በዚህ ስሌት ውስጥ የጋዜጣ መግዣ የለም። ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ሳንቲም እንኳ የለም። ይህን የጻፈው አማኝ ኩዌከር መሆኑን ሳስብ አሁንም ይከብደኛል። ማንም በቁጥሩ ላይ «አጋነንክ» እንዳይለው ያን ያህል አጠበበው። እኛም አገር በየጊዜው የምንሰማው የድህነት ወለል፣ ለአንድ አዋቂ በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ ተብሎ የተሰላው፣ የዚያ ሐሳብ የሩቅ ዘመድ ነው።

ሦስተኛው ሰው ጥቁር አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስ ነው። በ1896 ፊላዴልፊያ ሲመጣ የከተማዋን ጥቁሮች እንዲያጠና እንዲጠራ ከገፋፉት አንዷ ከኩዌከር ቤተሰብ የወጣችው ሱዛን ዋርተን ነበረች። ከአዲስ ሙሽራው ጋር ብዙ ጥቁሮች በሚኖሩበት በሰባተኛው ቀጠና መኖር ጀመረ። ወደ 2,500 የሚጠጉ ቤተሰቦችን ራሱ ዞሮ አነጋገረ። የከተማዋ ተሐድሶ ፈላጊዎች ጥቁሮቹ ምን እንደጎደላቸው ይነግረናል ብለው ጠብቀው ነበር። በ1899 ያወጣው መጽሐፍ ግን የሥራ በር እንዴት እንደተዘጋባቸው በዝርዝር አሳየ። ጥያቄውን የሰጠው ተሐድሶው ነው። መልሱን የሰጠው ምርምሩ ነው። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ይህን ልዩነት እንደ ዱ ቦይስ አጥርቶ የሚያሳይ ሰው አላገኘሁም። ዌበር በ1904 አሜሪካ ሲሄድ አግኝቶታል፤ በ1906 ደግሞ የዱ ቦይስን ጽሑፍ በራሱ መጽሔት አወጣ።

አንድ ማሳሰቢያ። ስለ ለንደን ስታነቡ ሁለት ቡዝ ታገኛላችሁ። ዊልያም ቡዝ የድኅነት ሠራዊትን የመሠረተው ሰባኪ ነው። ቻርልስ ቡዝ ደግሞ የለንደንን ድህነት በ17 ቅጽ ያጠና የመርከብ ነጋዴ ነው። የተማሪ ወረቀት ላይ ሲቀላቀሉ አይቻለሁ።

ከመወሰናችሁ በፊት

የትኛውንም ብትመርጡ ተቃራኒውን ማስረጃ አብራችሁ ያዙ። የፈረንሳይ ሶሲዮሎጂ አባት ኤሚል ዱርኬም የረቢ ልጅ ነው። ሌስተር ዋርድ ከቤተ ክርስቲያን ጋር የማይስማማ ሰው ነበር። ያለ ፕሮቴስታንት እርሾ የተቦካ ሶሲዮሎጂም አለ። ዱርኬም ራሱ ግን በ1902 ሶርቦን ሲገባ የተካው ለዘብተኛ ፕሮቴስታንት የነበረውን ፈርዲናን ቡይሶንን ነው፤ ስለዚህ ፈረንሳይም ከታሪኩ ሙሉ በሙሉ አትወጣም።

አንድ ሴሚስተር ብቻ ላለው ሰው የምለው አራተኛውን መንገድ ውሰድ ነው። ሰነዱ በእጅ ነው፤ ቁጥሩ ይጨበጣል። የሥነ መለኮት ተማሪ ከሆናችሁ ቺካጎ ይስማማችኋል፤ ማቲውስና ሄንደርሰን የሚናገሩትን ቋንቋ ታውቁታላችሁ። ለዶክትሬት የሚዘጋጅና ጀርመንኛ ያለው ሰው ወደ ቄሶቹ መጠይቅ ይሂድ።

ዌበርን አገር ቤት ልሞክረው የሚሉ ብዙ ናቸው። በቆጠራው መሠረት በ1994 ወደ 10 በመቶ የነበሩት ፕሮቴስታንቶች በ2007 ከ18 በመቶ በላይ ስለደረሱ «ጴንጤዎች ይቆጥባሉ፣ አይጠጡም፣ ስለዚህ ሀብት ያፈራሉ» የሚለው ወሬ ርዕስ ይሆናል። ከመጀመራችሁ በፊት እነ ቤከር ያነሡትን የትምህርት ቤት ጉዳይ አስቡበት። ሚሲዮኖቹ በሄዱበት ሁሉ ትምህርት ቤት ከፍተዋል፤ ሃይማኖቱን ከፊደሉ ለይቶ መለካት ቀላል አይደለም። እኔን ብትጠይቁኝ የበለጠ ፍሬ ያለው ንጽጽር ሌላ ነው። በ1972 የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን፣ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊዋ ሳሉ፣ ለሉተራን ዓለም ፌደሬሽን ደብዳቤ ጻፈች። የምዕራብ ረጂዎች ለልማት ገንዘብ እየሰጡ ለስብከት መንፈጋቸውን ተቸች፤ የሰው ልጅ ሥጋና ነፍስ ተብሎ ለሁለት አይከፈልም አለች። ያን ደብዳቤ ከቺካጎዎቹ ጽሑፎች ጎን አስቀምጣችሁ አንብቡት። እነዚያ ከስብከት ወደ ማኅበራዊ ሥራ ሲሄዱ፣ ይህች ቤተ ክርስቲያን ከሌላኛው ጫፍ ተነሥታ ትገናኛቸዋለች።

ለመጀመር ገንዘብ አያስፈልጋችሁም። የአሜሪካው መጽሔት የመጀመሪያ ጥራዞች፣ የሃል ሃውስ ካርታዎችና የራውንትሪ መጽሐፍ የቅጂ መብታቸው ስላለፈ በኢንተርኔት በነጻ ይነበባሉ። የቻርልስ ቡዝን የለንደን ካርታና የመስክ ማስታወሻ ደብተሮች የለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት ድረ ገጹ ላይ አውጥቷቸዋል። መጀመሪያ ካርታውን ክፈቱ፤ ጥቁር የተቀባ መንገድ ፈልጉ፤ ጥቁሩ ከሁሉ ዝቅ ያሉ የተባሉትን ነዋሪዎች ያመለክታል። ከዚያ ስለዚያ ሰፈር የተጻፈውን ደብተር ፈልጋችሁ በእጅ ጽሑፉ አንብቡት።